የዱቄትና የዘይት ብጥብጥ፤ ለኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ፈሳሾችና የቅንጣት ገጽ ታሪክ

ደቃቅ ስታርች በማዕድን ዘይት ተበጥብጦ በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል ቢቀመጥ ከሌላው ብጥብጥ የሚለይበት ነገር አይታይም። ሰሌዳዎቹ ከከፍተኛ ቮልቴጅ ምንጭ ጋር ሲገናኙና በመካከላቸው ያለው የኤሌክትሪክ መስክ በአንድ ሚሊሜትር ርቀት 3,000 ቮልት ያህል ሲደርስ ግን፣ ቀጭን የነበረው ብጥብጥ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ ሳይቆይ እንደ ገንፎ ይጠነክራል። አንዱን ሰሌዳ በሌላው ላይ ለማንሸራተት ኀይል ያስፈልጋል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ብጥብጡ ወዲያውኑ ወደ ቀድሞ ፈሳሽነቱ ይመለሳል። ለውጡ የሚፈጀው ጊዜ በሺህኛ ሰኮንድ የሚቆጠር ነው።

ይህን ጠባይ የሚያሳዩ ፈሳሾች በሳይንሱ አጠራር ኤሌክትሮሪዮሎጂያዊ ፈሳሾች ይባላሉ። በዚህ ጽሑፍ ለኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ፈሳሾች ተብለው ይጠራሉ፤ የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለነዚህ ፈሳሾች የሚጻፈው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የመሣሪያዎች ታሪክ ነው፤ ስለ ፍሪሲዮን፣ ስለ ቫልቭ፣ ስለ ሾክ አብዞርበር ይተርካል። ከዚህ ሥር ግን ሌላ ታሪክ አለ። ይኸውም በቅንጣቱ ገጽ ላይ ያደረውን ነገር ለመረዳት፣ ቀጥሎም ለማስወገድ፣ በመጨረሻም በሌላ ለመተካት የተደረገው የስድሳ ዓመት ጥረት ታሪክ ነው።

ኤሌክትሪክ የፈሳሾችን ዝልግልግነት ይለውጥ እንደሆነ መጠየቅ የተጀመረው ከ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ በፊት ነው። አሜሪካዊው ዳፍ በ1896፣ ጀርመናዊው ኵዊንከ በ1897 ስለዚሁ ጉዳይ ያደረጉትን ሙከራ አሳትመዋል። ይሁን እንጂ እነዚህ ሊቃውንት የመረመሩት ምንም ዱቄት ያልተጨመረባቸውን ጥሩ ፈሳሾች ስለነበረ፣ ያገኙት ለውጥ እጅግ አነስተኛ ሆነ። ለመሐንዲስ የሚጠቅም ነገር አልነበረበትም።

ነገሩን ከሥሩ የለወጠው በአሜሪካ የኮሎራዶ ነዋሪ የነበረው ዊሊስ ዊንስሎው ነው። ዊንስሎው በ1942 የፓተንት ጥያቄ አቀረበ፤ ፓተንቱም በ1947 ተሰጠው። በ1949 ደግሞ ግኝቱን በአፕላይድ ፊዚክስ ጆርናል ላይ አወጣ። የተጠቀመባቸው ነገሮች ከወጥ ቤትና ከግንበኛ ዕቃ ብዙም የራቁ አልነበሩም፤ ስታርች፣ ዱቄት፣ የኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰም፣ ካርቦን፣ ሲሊካ ጄል ናቸው። እነዚህን ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ዘይት በጥብጦ መስክ ሲያሳርፍባቸው፣ ቅንጣቶቹ ከአንዱ ኤሌክትሮድ እስከ ሌላው እንደ ክር ተቀጣጥለው ሲዘረጉ ተመለከተ። ብጥብጡን የሚያጠነክሩት እነዚህ ክሮች መሆናቸውንም ተረዳ። ፈሳሹ ተላቆ መፍሰስ ከመጀመሩ በፊት የሚሸከመው ጫና፣ ከዚህ በኋላ የመሸነፊያ ጫና የሚባለው፣ ከመስኩ ስኴር ጋር እያደገ እንደሚሄድ ለክቶ አሳየ። መስኩ እጥፍ ሲሆን ጫናው አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ክሮቹ ለምን እንደሚሠሩ በመጀመሪያ እይታ ግልጽ ይመስላል። ቅንጣቱ በመስክ ውስጥ ሲገባ በአንዱ ጫፍ አወንታዊ፣ በሌላው ጫፍ አሉታዊ ሙል ያበጃል። የአንዱ ቅንጣት አወንታዊ ጫፍ የጎረቤቱን አሉታዊ ጫፍ ይስባል፤ እንዲህ እየተያያዙ ይሰለፋሉ። ከዚህ የሚከተለው ሐሳብ፣ ቅንጣቱ የተሠራበት ንጥረ ነገር በኤሌክትሪክ መስክ ይበልጥ የሚዋልት፣ ማለትም ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ ከዘይቱ ይበልጥ የላቀ በሆነ መጠን፣ ፈሳሹም ይበልጥ ይጠነክራል የሚል ነው። ሐሳቡ የተስተካከለና ለስሌት የሚመች ነው። በተግባር ሲፈተን ግን አልሠራም።

ለዚህ ጥሩው ማስረጃ ባሪየም ታይታኔት ነው። የዚህ ሴራሚክ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት በሺህ የሚቆጠር ሲሆን የሲሊካ ግን 4 ያህል ነው፤ የሲሊኮን ዘይት ደግሞ 2.5 አካባቢ ነው። በነዚህ ቁጥሮች የመሳሳቡ ኀይል ቢሰላ፣ ባሪየም ታይታኔት ሲሊካን ከሠላሳ ጊዜ በላይ ሊበልጠው ይገባል። በቤተ ሙከራ የታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ደረቅ ባሪየም ታይታኔት በቀጥተኛ ቮልቴጅ ሥር የሚያሳየው ጥንካሬ ደካማ ሆኖ ሲገኝ፣ ጥቂት እርጥበት ያለው ሲሊካ ጄል ጥሩ አድርጎ ይጠነክራል። ባሪየም ታይታኔቱም ቢሆን ትንሽ ውሃ ሲቀምስ ይነቃል።

ስለዚህ ምሥጢሩ ቅንጣቱ ከምን ተሠራ በሚለው ብቻ የሚገኝ አልነበረም። ዊንስሎው የተጠቀመባቸው ዱቄቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ውሃን የሚወዱ ነበሩ። ዱቄት ደረቅ ነው ቢባልም፣ በመልካም ጎተራ የተቀመጠ ዱቄት እንኳ ከክብደቱ ከመቶ ከ10 እጅ በላይ ውሃ ይይዛል። ሲሊካ ጄልማ እርጥበትን ለመሳብ ተብሎ የሚሠራ ነገር ነው። የስታርች እርጥበት እንደ አየሩ ጠባይ ስለሚለዋወጥ የብጥብጡም ጥንካሬ አብሮት ይለዋወጣል። ውሃው ከቅንጣቱ ክብደት በመቶ ጥቂት እጅ ሲሆን ጥንካሬው ይጨምራል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን በዘይቱ ውስጥ የሚሾልከው ኤሌክትሪክ ስለሚበዛ መስኩ ይዳከማል። ያለ እርጥበት ደግሞ አብዛኞቹ ብጥብጦች ጨርሶ አይሠሩም። ይህን በእጃቸው የሚበጠብጡት ሰዎች ያውቁት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን ለመናገር ዓመታት ፈጀ።

የመጀመሪያው ብርቱ ሙከራ የመጣው በ1967 ነው። አሜሪካውያኑ ክላስና ማርቲኔክ ሲሊካንና ካልሲየም ታይታኔትን ይዘው የብጥብጦቹን አፈሳሰስ መረመሩ። እነዚህ ተመራማሪዎች የክሮቹን ነገር ተጠራጠሩ። ብጥብጡ በፍጥነት እየፈሰሰና ተለዋዋጭ ቮልቴጅ እየተቀያየረበት ሳለ ጥንካሬውን የሚያሳይ ከሆነ፣ ቅንጣቶች በዚያች ቅጽበት ተጉዘው ረዥም ክር ሊሠሩ አይችሉም የሚል ነበር ክርክራቸው። በክር ፋንታ ያቀረቡት ምክንያት የገጽ ምክንያት ነው። በእያንዳንዱ ቅንጣት ገጽ ዙሪያ የአዮኖች ድርብ ንብርብር አለ፤ መስኩ ይህን ንብርብር ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል፤ የተዛቡት ንብርብሮች እርስ በርሳቸው ሲደራረቡ የሚጋፉት ኀይል ፈሳሹን ያጠነክረዋል አሉ። በዝርዝሩ ዛሬ ብዙ ተከታይ የሌለው ትርጓሜ ቢሆንም፣ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አስጨብጧል። ከዚያ በኋላ ማንም ተመራማሪ ቅንጣቱን ያለ ገጹ ሊያስበው አልቻለም።

በዚያው ዘመን በሶቪየት ኅብረት፣ ሚንስክ በሚገኘው የሉይኮቭ የሙቀትና የቁስ ዝውውር ኢንስቲትዩት፣ እነ ሹልማን ዳያቶማይት የተባለውን ባለ ጥቃቅን ቀዳዳ ዐፈር በትራንስፎርመር ዘይት እየበጠበጡ ሰፊ ምርምር ያካሂዱ ነበር። ውሃንና የመሳሰሉትን ቀስቃሽ ብለው ይጠሯቸዋል። ስሙ ራሱ ሥራቸውን ይናገራል፤ ቅንጣቱ ያለ ቀስቃሽ የተኛ ነው።

የውሃውን ነገር ፊት ለፊት የተናገረው እንግሊዛዊው ስታንግሩም ነው። በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ ጥሩ ፈሳሽ ሦስት ነገሮችን ይሻል አለ፤ ውሃን የማይወድ ዘይት፣ ውሃን የሚወድ ባለ ቀዳዳ ቅንጣት፣ በቅንጣቱም ላይ ያደረ ውሃ። አሠራሩንም እንዲህ አስረዳ። በቅንጣቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ባለው ውሃ አዮኖች ሟሙተው ይገኛሉ። መስኩ ሲበራ አዮኖቹ ወደ ቅንጣቱ አንድ ጫፍ ይሮጣሉ፤ ሲሮጡም ውሃውን አብረው ይጎትቱታል። ጫፉ ላይ ያበጠው ውሃ ከጎረቤቱ ቅንጣት ጋር ሲነካካ በሁለቱ መካከል ድልድይ ይሆናል። ብጥብጡን የሚያጠነክረው ይህ የውሃ ድልድይ ነው፤ ልክ እርጥብ አሸዋ ከደረቅ አሸዋ ይልቅ ተያይዞ እንደሚቆመው። መስኩ ሲጠፋ አዮኖቹ ይመለሳሉ፤ ውሃውም ወደ ቀዳዳው ይገባል፤ ድልድዩ ይፈርሳል። ስታንግሩም ራሱ ይጠቀምበት የነበረው የሊቲየም ፖሊሜታክሪሌት ቅንጣት ሦስቱንም መስፈርት የሚያሟላ ነበር።

ይህ ትርጓሜ ውበት አለው፤ የሚታየውንም አብዛኛውን ነገር ያስረዳል። ለመሣሪያ ሠሪዎች ግን መርዶ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፈሳሹን የሚያሠራው ውሃ ከሆነ፣ ፈሳሹ በውሃ ጠባይ የታሰረ ነው ማለት ነው። ውሃ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይረጋል። ሲሞቅ ደግሞ ከቅንጣቱ ገጽ እየተላቀቀ ይተናል፤ በተግባር ከ70 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ እነዚህ ፈሳሾች እምነት የሚጣልባቸው አልነበሩም። በሥራ ላይ ያለ ፍሪሲዮን ወይም ሾክ አብዞርበር በዚህ ሙቀት ውስጥ የሚያልፈው በየቀኑ ነው። ከዚህም ሌላ ውሃው ኤሌክትሪክ ያሾልካል። የሾለከው ኤሌክትሪክ ፈሳሹን ያሞቀዋል፤ ፈሳሹ በሞቀ መጠን ሹልከቱ ይብሳል፤ አዙሪቱ እየበረታ ሄዶ በብልጭታ ያበቃል። ኤሌክትሮዶቹም ቀስ በቀስ ይበላሉ። አንድ ቀን በጠረጴዛ ላይ ተመልካችን የሚያስደንቅ ብጥብጥ፣ በሞተር አጠገብ ወራት ቀርቶ ሳምንታት መቆየት ያዳግተው ነበር። ዊንስሎው ፓተንቱን ከተቀበለ ሠላሳና አርባ ዓመት አልፎ እንኳ ፈሳሹ በገበያ ላይ ያልታየበት ዋነኛው ምክንያት ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሌላው ምክንያት፣ ማለትም የከፍተኛ ቮልቴጅ ምንጭ ውድነት፣ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር ነው።

እንግዲህ በ1980ዎቹ የተጠየቀው ጥያቄ፣ ያለ ውሃ የሚሠራ ቅንጣት ማግኘት ይቻላል ወይ የሚል ሆነ። መልሱ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። በእንግሊዝ ብሎክና ኬሊ በአሥርቱ ዓመታት አጋማሽ ከፊል አስተላላፊ ከሆኑ ፖሊመሮች የተሠሩ ቅንጣቶችን አቀረቡ። በነዚህ ቅንጣቶች ውስጥ ሙል የሚጓዘው በውሃ ውስጥ በሟሟ አዮን ሳይሆን፣ በፖሊመሩ ሰንሰለት ላይ በሚዘዋወሩ ኤሌክትሮኖች ነው። ቅንጣቶቹ ፍጹም ደርቀው እያሉ ፈሳሹ ጠነከረ። እነዚሁ ሰዎች ሌላም ነገር አስተዋሉ። የቅንጣቱ አስተላላፊነት በጣም ካነሰ ፈሳሹ ደካማ ነው፤ በጣም ከበዛም እንዲሁ፤ ከፍተኛው ጥንካሬ የሚገኘው በመካከለኛው ላይ ነው።

በአሜሪካ ደግሞ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ፊሊስኮ ከአርምስትሮንግ ጋር በ1988 የፓተንት ባለቤት ሆነ። የነርሱ ቅንጣት ዜኦላይት የተባለው ባለ ብዙ ቀዳዳ የአሉሚኒየምና የሲሊከን ማዕድን ነው። ዜኦላይት በተፈጥሮው ውሃ የሚጠጣ ስለሆነ፣ ያለ ውሃ ይሠራል ሲባል ለማመን የሚያዳግት ነበር። ፊሊስኮና ራድዚሎውስኪ ዱቄቱን በከፍተኛ ሙቀት ካደረቁ በኋላ እንደሚሠራ በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ አስረዱ። ምክንያቱም በማዕድኑ ቅርጽ ውስጥና በገጹ ላይ የሚንቀሳቀሱ የብረት አዮኖች መኖራቸው ነው፤ አዮኖቹ ለመሄድ ውሃ አያስፈልጋቸውም። የጥርጣሬ ድምፅ ለጊዜው ቢሰማም፣ ውሃ የግድ ነው የሚለው ሐሳብ በነዚህ ሁለት ሥራዎች ተሰበረ።

ውሃው በዋናነት ይሠራ የነበረው ምን እንደነበረ የተገለጠውም ያኔ ነው። በፎርድ ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው ዴቪስ በ1992 እንዳሳየው፣ በቀጥተኛ ቮልቴጅና በዝቅተኛ ድግግሞሽ የቅንጣቶቹን መሳሳብ የሚወስነው የዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ ልዩነት ሳይሆን የአስተላላፊነቱ ልዩነት ነው። የባሪየም ታይታኔት እንቆቅልሽ በዚህ ተፈታ። ደረቁ ሴራሚክ ኮንስታንቱ ቢያይልም ሙሉን ወደ ገጹ የሚያደርስለት ተጓዥ የለውም። እርጥብ ሲሊካ ግን ኮንስታንቱ ትንሽ ሆኖ ሳለ፣ በውሃው ውስጥ የሚሮጡት አዮኖች ገጹን በአጭር ጊዜ ውስጥ ሙል ያለብሱታል። ስለዚህ ውሃ ድልድይ ከመሆኑም በፊት መንገድ ነበር።

በፈረንሳይ ግሬኖብል ደግሞ እነ ፉልክ፣ አተንና ፌሊሲ ነገሩን ይበልጥ ወደ ገጹ አስጠጉት። ሁለት ክብ ቅንጣቶች ሲነካኩ በመገናኛቸው ዙሪያ እጅግ ጠባብ የዘይት ክፍተት ይቀራል። መስኩ በዚያች ክፍተት ውስጥ ከአማካዩ ብዙ እጥፍ ይበረታል፤ በዚህም የተነሣ ዘይቱ ራሱ በዚያች ቦታ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል። መስኩን ቢጨምሩት በክፍተቱ ውስጥ ያለው ጉልበት በዚያው ልክ ሊያድግ አይችልም። ዊንስሎው የለካው የስኴር ሕግ በጠንካራ መስክ ሥር እየላላ፣ ወደ ቀጥተኛ ዕድገት እየተጠጋ የሚሄደው ስለዚህ ነው። የፈሳሹ ዕጣ የሚወሰነው በቅንጣቶቹ ሆድ ውስጥ ሳይሆን፣ ቅንጣት ከቅንጣት በሚነካካባት በዚያች ጠባብ ሥፍራ መሆኑ ታወቀ።

የሳሙና ወገን የሆኑ ውሕዶች ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ቅንጣቶቹ ከዘይቱ ስለሚከብዱ ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ይህንን ለመከላከል አንደኛው ጫፋቸው ዘይት፣ ሌላው ጫፋቸው ውሃ የሚወድ ሞለኪውሎች ይጨመራሉ። ኪምና ክሊንገንበርግ በ1996 እንዳሳተሙት፣ በሲሊኮን ዘይት የተበጠበጠ አሉሚና እንዲህ ያለ ውሕድ ጥቂት ሲጨመርበት ጥንካሬው ይጨምራል፤ መጠኑ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ግን መልሶ ይወርዳል። ጥቂቱ ገጹን ስለሚያለብሰው የቅንጣቱን መዋለት ያበረታዋል። ሲበዛ ደግሞ በቅንጣቶቹ መካከል እየተጠራቀመ የራሱን ድልድይ ይሠራል፤ የመስኩንም ሥርዓት ይለውጠዋል። ስታንግሩም በውሃ ያየው ነገር ውሃ ባልሆነ ፈሳሽ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ደረቅ ቅንጣቶች የሙቀቱን ችግር ቢያቃልሉም የጥንካሬውን ችግር አልፈቱም። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ የነበሩት ጥሩ ፈሳሾች የመሸነፊያ ጫናቸው በአመዛኙ ከጥቂት ኪሎፓስካል አያልፍም ነበር። 5 ኪሎፓስካል ማለት በአንድ ስኴር ሴንቲሜትር ላይ የ50 ግራም ክብደት ያህል ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር በ1993 ያስጠናው ግምገማ፣ ለመሣሪያዎቹ አለመስፋፋት ዋናው ማነቆ የፈሳሹ ጥራት መሆኑን አመለከተ። ጀርመን ውስጥ የባየር ኩባንያ በአሥርቱ ዓመታት ለስላሳ የፖሊዩረቴን ቅንጣቶች ያሉበት ፈሳሽ አቀረበ፤ ቅንጣቱ ለስላሳ በመሆኑ ፓምፕንና ቫልቭን እንደ ሴራሚክ አይሞርድም፤ የሚንቀሳቀሱት አዮኖችም በፖሊመሩ ውስጥ የሟሟ ጨው ናቸው። መልካም ሥራ ነበር፤ ጥንካሬው ግን በዚያው በጥቂት ኪሎፓስካል ተወሰነ።

በዚህ መካከል ተፎካካሪው ቀድሞ ሄደ። ጄኮብ ራቢኖው በአሜሪካ የብሔራዊ የመለኪያ ቢሮ ውስጥ ሆኖ በ1948 ያስተዋወቀው የብረት ዱቄት ብጥብጥ፣ ለኤሌክትሪክ መስክ ሳይሆን ለማግኔት የሚታዘዝ ነው። በብረት ቅንጣት ውስጥ ማግኔታዊ ኀይል የሚያድረው በመላ አካሉ ስለሆነ፣ በገጹ ላይ እርጥበት ኖረ አልኖረ ጥንካሬውን ያን ያህል አይለውጠውም። የመሸነፊያ ጫናውም ከ50 እስከ 100 ኪሎፓስካል ይደርሳል፤ የሚሠራውም በመኪና ባትሪ ነው። በ2002 የካዲላክ ሴቪል መኪና በዚህ ፈሳሽ የሚሠራ ሾክ አብዞርበር ተገጥሞለት ለገበያ ቀረበ። ስለዚህ ዊንስሎው ለፈሳሹ ያለመለት ሥራ ለራቢኖው ዘመድ ደረሰ። የገጽ ጣጣ የሌለበት ፈሳሽ ያሸነፈው ጣጣው የበዛበትን ነው።

ካዲላክ ገበያ በወጣ በዓመቱ ግን ከሆንግ ኮንግ ያልታሰበ ወሬ ተሰማ። በሆንግ ኮንግ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ዌን ዌይጂያ፣ ሼንግ ፒንግና ባልደረቦቻቸው በ2003 በኔቸር ማቴሪያልስ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ በአንድ ሚሊሜትር 5,000 ቮልት መስክ ሥር 130 ኪሎፓስካል የሚሸከም ፈሳሽ መሥራታቸውን አስታወቁ። ይህ በአንድ ስኴር ሴንቲሜትር 1.3 ኪሎግራም ያህል ነው፤ ከቀድሞዎቹ በሃያና በሠላሳ እጥፍ ይበልጣል። የማግኔቱንም ፈሳሽ ይስተካከላል።

የቅንጣቶቹ አሠራር ልብ ሊባል ይገባዋል። የቅንጣቱ ውስጥ ባሪየም ታይታኒል ኦክሳሌት የተባለ ውሕድ ሲሆን፣ ስፋቱ ከ50 እስከ 70 ናኖሜትር ነው። ላዩ ከ3 እስከ 10 ናኖሜትር በሆነ የዩሪያ ሽፋን ተለብጧል። ዩሪያ ገበሬው በማዳበሪያነት የሚያውቀው ነጭ ፍሬ ራሱ ነው፤ በዚህ ሥራ የተመረጠው ሞለኪውሉ ከውሃም ይበልጥ ጠንካራ የሆነ የኤሌክትሪክ ሁለት ዋልታ ስላለው ነው። የቅንጣቱ ማነስም ያለ ምክንያት አይደለም። ክብደቱ ከውሃ እጥፍ የሆነ ንጥረ ነገር በ10 ማይክሮሜትር ቅንጣት ቢፈጭ፣ የአንድ ግራም ዱቄት ጠቅላላ ገጽ 0.3 ስኴር ሜትር ነው። በ50 ናኖሜትር ቢፈጭ 60 ስኴር ሜትር ይሆናል። ገጹ ሁለት መቶ ጊዜ ሲሰፋ የመነካካቱም ሥፍራ በዚያው መጠን ይበዛል፤ ፈሳሹን የሚያጠነክረው የመነካካቱ ሥፍራ ከሆነ፣ ቅንጣት ባነሰ ቁጥር ጥንካሬ ይጨምራል ማለት ነው። ይህ ደግሞ የቀድሞው የመዋለት ስሌት ፈጽሞ ያልተነበየው ነገር ነው።

ጥንካሬው ከመስኩ ጋር የሚያድግበት መንገድም ሌላ ነው። ከደካማው መስክ አልፎ እድገቱ በስኴር ሳይሆን በቀጥታ ነው። የሆንግ ኮንጎቹ ትርጓሜ፣ ሁለት ቅንጣቶች በሚነካኩበት ጠባብ ክፍተት መስኩ እጅግ ስለሚበረታ የዩሪያ ሞለኪውሎች አንዱ በሌላው አቅጣጫ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ቅንጣቶቹን የሚያስተሳስረውም ይህ ሰልፍ ነው የሚል ነው። ከነርሱ መካከል ያሉ ተመራማሪዎች በ2010 በኮምፒዩተር ስሌት ባደረጉት ጥናት፣ ዩሪያና የሲሊኮን ዘይት ተቀላቅለው በናኖሜትር ክፍተት ውስጥ ሲገኙ፣ በመስክ ሥር ሞለኪውሎቹ ክፍተቱን የሚያቋርጡ ቀጫጭን ክሮች እንደሚሠሩ አሳዩ። ዊንስሎው በዓይን ያያቸው ክሮችና ስታንግሩም ያሰበው ድልድይ እዚህ ላይ በአንድ ሥፍራ ተገናኙ፤ ልዩነታቸው መጠኑ በሚሊዮን ጊዜ መቀነሱ ነው።

ቤጂንግ በሚገኘው የፊዚክስ ኢንስቲትዩት ሉ ኩንቿንና ባልደረቦቹ ነገሩን በቀላል መንገድ ፈተኑት። ከታይታኒየም ውሕዶች የተሠሩ ጠንካራ ፈሳሾችን ይዘው፣ ዱቄቱን በማድረቂያ ምድጃ አሙቀው በገጹ ላይ ያደሩትን ዋልታማ ሞለኪውሎች አባረሩ። ቅንጣቱ ያው ነው፤ ዘይቱ ያው ነው፤ ጥንካሬው ግን በአብዛኛው ጠፋ። በ2009 ያሳተሙት ጽሑፍ እነዚህን ፈሳሾች በዋልታማ ሞለኪውል የሚመሩ ሲል ሰይሟቸዋል። ዘይቱም ቢሆን ዝም ብሎ ተመልካች እንዳልሆነ በሌሎች ሙከራዎች ታይቷል። የዩሪያውን ገጽ በደንብ የሚያርስ ዘይት ጥሩ ብጥብጥ ሲሰጥ፣ የማያርሰው ዘይት ቅንጣቶቹን በሊጥ መልክ አጓጉሎ ያስቀራቸዋል፤ በመስክም ሥር ብዙ አይረዱም።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ የጽናት ሥራ ሆነ። ሽፋኑ ስስ ስለሆነ በፍሪሲዮንና በፍሬን ውስጥ ባለው ብርቱ መፋተግ ይላጣል፤ የተላጠ ቅንጣት ደግሞ ከተራ ዱቄት አይሻልም። ቅንጣቶቹ ደቃቅ በመሆናቸው ብጥብጡ መስክ ሳይኖርም ወፍራም ነው፤ ስለዚህ በተከፈተና በተዘጋ ጊዜ መካከል ያለው ልዩነት መሐንዲሱ የሚመኘውን ያህል አይሰፋም። ተመራማሪዎች ሽፋኑን ከቅንጣቱ ጋር አጥብቀው ለማሰር፣ ወይም ዋልታማውን ሞለኪውል በሌላ ለመለወጥ በየጊዜው ይሞክራሉ። የሙቀቱም ገደብ ከፍ አለ እንጂ አልተነሣም፤ ዩሪያ የሚቀልጠው በ133 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው።